አብዱልቃድር ዛዓፍ፦ በወይን እርሻዎች መካከል ስሙ የቀረ ብስክሌተኛ

ዲራ፣ ሪያድ ― በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከፔርፒኞ ከተማ ተነስቶ በናርቦን፣ በቤዚዬና በሞንፔሊዬ በኩል እስከ ኒም የሚዘረጋው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር የወይን ተክል የለበሰ ምድር ነው። ዛሬ በዚያ አገር ጸጥታን የሚሹ ብስክሌተኞች ሰፋ ያለ ጎማ ባላቸው ብስክሌቶች አስፋልቱን ትተው፣ ገበሬው ወደ ማሳው የሚመላለስባቸውን የጠጠርና የአፈር መንገዶች ይከተላሉ። ከቱሉዝ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚወርደውና እ.ኤ.አ. በ1681 ተቆፍሮ በተጠናቀቀው የሚዲ ቦይ ዳርቻ የሚጓዙ አሉ። ሌሎች ደግሞ ከኒም በስተ ምዕራብ፣ ከካቬራክ እስከ ሶሚየር፣ የቀድሞው የባቡር ሐዲድ ተነቅሎ ለብስክሌተኛና ለእግረኛ በተተወው መንገድ ይጋልባሉ። ይህ ልማድ የታላላቅ ተወዳዳሪዎችንም ደጅ ስለ መታ፣ ጥንታዊው የፓሪስ–ቱር ውድድር ከ2018 ጀምሮ በሎዋር ወንዝ አካባቢ ባሉ የወይን ማሳዎች መካከል የሚያልፉ ያልተነጠፉ መንገዶችን በጉዞው ውስጥ አስገብቷል።

ይሁን እንጂ በእነዚያ የወይን እርሻዎች መካከል ካለፉት ብስክሌተኞች ሁሉ ይበልጥ በወሬ የሚነሳው አንዱንም ምዕራፍ ያላሸነፈ ሰው ነው። እርሱም ከአልጄሪያ የሄደ ሙስሊም ሲሆን፣ ስሙ አብዱልቃድር ዛዓፍ ይባላል። ፈረንሳውያን ሲያወሱት ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታቸውም ከአንድ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ግን ከጠርሙሱ የሚሰፋ በመሆኑ፣ ለአንባቢዎቻችን ከመጀመሪያው መተረክ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ለዲራ ነዋሪም እንግዳ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የሳዑዲ የብስክሌት ዙር የመጨረሻ ምዕራፉን የፈጸመው እዚሁ፣ በአል-መስመክ ምሽግ አጠገብ ነበር። ያንን ውድድር ያዘጋጀው ኩባንያ ቱር ደ ፍራንስን የሚያዘጋጀው ያው የፈረንሳይ ድርጅት ነው። ዛዓፍ በዘመኑ የተወዳደረበት መድረክ እንዲህ እስከ ደጃችን መጥቷል።

አብዱልቃድር ዛዓፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1917፣ ከአልጀርስ በስተ ደቡብ በሚገኘው የሚቲጃ ሜዳ፣ ሸብሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የሚቲጃ ሜዳ ለም ነው። ፈረንሳይ አልጄሪያን ከያዘች በኋላ የሜዳው ምርጥ መሬት ወደ ሰፋሪዎች እጅ ገባ፤ ከዚያም በብርቱካንና በወይን ተክል ተሸፈነ። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሥሩን በልቶ ባደረቀው ጊዜ፣ ጉድለቱን እንዲሞላ የተፈለገው የአልጄሪያ ምድር ነበር። በ1930ዎቹ በአልጄሪያ በወይን የተሸፈነው መሬት ወደ 400,000 ሄክታር ይጠጋ ነበር። አገሪቱም በመርከብ ተጭኖ ከሚወጣው የወይን ጠጅ ብዛት የተነሳ በዓለም ከፍተኛዋ ላኪ ለመሆን በቃች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነች፣ ኸምርን ሐራም አድርጎ የሚያምን ሕዝብ የሚኖርባት አገር ለሌሎች ጠጅ የሚጠመቅባት ማሳ ሆነች። ወይኑን የሚኮተኩተውና የሚለቅመው በአብዛኛው የአገሬው ሙስሊም የቀን ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ዛዓፍ የወይን እርሻን ለማወቅ ወደ ፈረንሳይ መሻገር አላስፈለገውም። ያደገው በወይን መካከል ነው። ከዚያ የሚወጣው ጠጅ ግን የእርሱ ወገኖች ማዕድ ላይ የሚቀርብ አልነበረም።

ብስክሌት በዚያን ዘመን በሰሜን አፍሪቃ የሰፋሪውም የአገሬውም ስፖርት ነበር። በእኛ አካባቢ ጣልያኖች ወደ አስመራ ብስክሌትን እንዳመጡትና የአገሬው ልጅ ከእነርሱ ወስዶ የራሱ እንዳደረገው ሁሉ፣ በአልጄሪያም ፈረንሳውያን ባመጡት ብስክሌት ሙስሊሙ ወጣት ከባለቤቶቹ ጋር ይሽቀዳደም ጀመር። በቱር ደ ፍራንስ ከአፍሪቃ ሄዶ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የሆነው ቱኒዚያዊው ዓሊ ነፋቲ ሲሆን፣ በ1913 ቀይ ቆቡን እንደ ደፋ ሲጋልብ ለፈረንሳይ ተመልካች ትርዒት ሆኖ ነበር። ዛዓፍ ወደዚያ መድረክ የደረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ጦርነቱ የብዙ ስፖርተኞችን የጉልበት ዘመን በልቷል፤ የእርሱም ምርጥ ዓመታት በዚያው አልፈዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አጋላለቡ በዘዴ የሚታወቅ አልነበረም። ሌላው ተወዳዳሪ ኃይሉን ለመጨረሻ ሲቆጥብ፣ ዛዓፍ ገና ከማለዳው ከጭፍራው ተነጥሎ ይወጣና እስኪደክመው ድረስ ይጋልብ ነበር። ባለሙያዎች ይህን እንደ ጅልነት ቆጥረውበታል። ፍርዱ ግን ቸኩሏል ብለን እናምናለን፤ በትልልቆቹ ቡድኖች ውስጥ ቦታ የሌለው፣ የሚረዳው አጋር የማይበዛለት ጋላቢ ስሙን ለማስጠራት የነበረው መንገድ ይኸው አንዱ ነውና።

የ1950ው ቱር ደ ፍራንስ ጁላይ 13 ቀን ተጀመረ። በዚያ ዘመን ተወዳዳሪዎች የሚሰለፉት በንግድ ድርጅቶች ስም ሳይሆን በአገርና በክፍለ አገር ቡድን ነበር፤ ዛዓፍም የሰሜን አፍሪቃ ቡድን አባል ሆኖ ቀረበ። ቡድኑ አነስተኛ ሲሆን፣ ከውስጡ የሰፋሪ ልጆችም ሙስሊሞችም ነበሩበት። ረመዳን ተፈጽሞ ዒድ የዋለው ውድድሩ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

ፒሬኔ ተራሮች ላይ ውድድሩ ተናወጠ። በአስፐን አቀበት ተመልካቾች ጣልያናዊውን ጂኖ ባርታሊን ስላንገላቱት፣ የጣልያን ቡድኖች ቢጫውን ማሊያ ከያዘው ፊዮሬንሶ ማኚ ጋር ውድድሩን ጥለው ወጡ። ቢጫው ማሊያ ወደ ስዊዘርላንዳዊው ፈርዲ ኩብለር ተላለፈ። ከዚያም ውድድሩ ከተራራ ወርዶ፣ በሐምሌ ቃጠሎ ወደ ወይን አገሩ ሜዳ ገባ።

ጁላይ 27 ቀን የነበረው ጉዞ ከፔርፒኞ እስከ ኒም 215 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነበር። የሪያድን በጋ ለሚያውቅ አንባቢ ስለ ሙቀቱ ብዙ መግለጽ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች በዚያ ፀሐይ ከስድስት ሰዓት በላይ መርገጫ መርገጣቸው ነው። ውኃ ማግኘትም እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ዛሬ ተወዳዳሪው እጁን ሲያነሳ የቡድኑ መኪና ጠርሙስ ያቀብለዋል። በዚያን ጊዜ ግን ደንቡ ጥብቅ ስለ ነበር፣ ጋላቢዎች በየመንደሩ ከብስክሌታቸው እየዘለሉ ቡና ቤት ገብተው ያገኙትን ጠርሙስ ሁሉ አፍሰው ይወጡ ነበር። በመንገድ ዳር የቆመ ሰው የዘረጋውንም ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ተቀብለው ይጨልጡታል።

ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች በሙቀቱ ፈዝዘው በዝግታ ሲጓዙ፣ ሁለት የሰሜን አፍሪቃ ልጆች ተነጥለው ወጡ። አንዱ ዛዓፍ ነበር፤ ሁለተኛው ማርሴል ሞሊኔስ፣ የሰፋሪ ቤተሰብ ልጅ፣ እርሱም እንደ ዛዓፍ የሸብሊ ተወላጅ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ሁለት ልጆች፣ አንዱ የያዘው መሬት ጌታ ወገን፣ ሌላው መሬቱ የተወሰደበት ወገን፣ ጎን ለጎን ሆነው የዓለምን ታላቅ ውድድር ይመሩ ጀመር። ከኋላ ካለው ጭፍራ ጋር የነበራቸው ርቀት ከሩብ ሰዓት በላይ ደርሶ ነበር። ማሸነፉ ለሁለቱ ብቻ የቀረ መሰለ።

ኒም ከመድረሳቸው በፊት ግን ዛዓፍ ተዳከመ። ብስክሌቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዋልል ጀመር፤ በመጨረሻም ወደቀ። ሞሊኔስ ብቻውን ገሠገሠና ምዕራፉን አሸነፈ፤ በአፍሪቃ ተወልዶ በቱር ደ ፍራንስ ምዕራፍ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ። ወዳጁ ግን በመንገዱ ዳር ቀረ። ሰዎች አንስተው ወደ አንድ የፕላታን ዛፍ ጥላ ወሰዱት፤ ከግንዱ ሥር ተቀምጦ በሰዎች ተከቦ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በውድድሩ ታሪክ ውስጥ ከታወቁት አንዱ ነው። በፊደላችን ስሙን ስንጽፈው ከምን ጋር እንደሚመሳሰል አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ በዐረብኛው ግን ስሙ ከዛፍ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ይተረካል። ዛዓፍ ድንገት ነቃ፤ ብስክሌቱን ያዘ፤ ማንም ሳይዘው ተፈናጥሮ መጋለብ ጀመረ፤ አቅጣጫው ግን ወደ ኒም ሳይሆን ወደ መጣበት ወደ ፔርፒኞ ነበር። አስቁመው በአምቡላንስ ወደ ሐኪም ቤት ወሰዱት። በማግስቱ ወደ መነሻው ቦታ ተመልሶ፣ የጎደሉትን ኪሎ ሜትሮች አሁን ልጋልብና ከጓደኞቼ ጋር ልቀጥል ብሎ መጠየቁ፣ ጥያቄውም ተቀባይነት ማጣቱ ይነገራል። መዝገቡ ላይ በ13ኛው ምዕራፍ ያቋረጠ ተብሎ ተጻፈ። በዚያው ማግስት፣ ከኒም እስከ ቱሎን በነበረው ጉዞ፣ ሌላው የሰሜን አፍሪቃ ቡድን አባል ኩስቶዲዮ ዶስ ሬይስ አሸነፈ። በሁለት ቀን ሁለት ድል ለዚያ ትንሽ ቡድን ታላቅ ነገር ነበር፤ ሆኖም ከሁለቱ አሸናፊዎች ይልቅ ወሬው ሁሉ ስለ ወደቀው ሰው ሆነ።

ምክንያቱም ዛዓፍ ወይን ጠጅ ይሸት ነበር።

የተለያዩ ዘገባዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው፣ በፈረንሳይ እጅግ የተስፋፋው፣ መንገድ ዳር የቆሙ የወይን ገበሬዎች ጠርሙስ አቀበሉት፤ እርሱም በውኃ ጥም ጨለጠው፤ አልኮል ቀምሶ የማያውቅ ሙስሊም ስለ ሆነ ወዲያው ሰከረና ወደቀ፣ ቀጥሎም አቅጣጫው ጠፋበት የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የወደቀው በሙቀትና በድካም ነው፤ ገበሬዎቹ ራሱን ስቶ ባገኙት ጊዜ በአጠገባቸው የነበረው ወይን ጠጅ ብቻ ስለ ነበር ፊቱን በእርሱ አጠቡት፤ ሽታው የመጣው ከዚያ ነው ይላል። ሦስተኛው ግን የጠርሙሱን ነገር ወደ ጎን ትቶ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ጋላቢዎች ይወስዱት የነበረውን አምፌታሚን የተባለ አነቃቂ መድኃኒት ይጠረጥራል።

በሦስቱ መካከል ለመመዘን የሐዲስ ሊቃውንት ያስተማሩን ሥርዓት ይረዳል፤ ወሬው ከማን ወደ ማን ተላለፈ ብሎ መጠየቅ። የመጀመሪያው ዘገባ የሚያስቅ ነው፤ የሚያስቅ ወሬ ደግሞ ምስክር ሳይጠየቅ ይጓዛል። ጋዜጠኞቹ በየመኪናቸው ሆነው ከፊት ያለውን ተወዳዳሪ ይከተሉ ስለ ነበር፣ ከዛፉ ሥር ስለ ሆነው ነገር የጻፉት አብዛኛውን ከሌላ ሰምተው ነው። ለፈረንሳይ አንባቢም ታሪኩ ምቹ ነበር፤ ወይን ጠጅ የማይችለው ሙስሊም፣ በወይን አገር፣ ወደ ኋላ ሲጋልብ። አንድ የቅኝ ግዛት ሰው ታላላቆቹን ቀድሞ እንደ ነበር ከማውሳት ይልቅ በዚህ መሳቅ ይቀላል።

ለሁለተኛው ዘገባ የሚመሰክርለት የሰውነት ሁኔታ ነው። በብርቱ ሙቀት ውኃ ያነሰው ሰው ራሱን ይስታል፣ ይዋልላል፣ ሲነቃም የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ግራ ይጋባል። በሐጅ ወቅት የሙቀት ምት የመታቸውን ሰዎች ያየ ሰው ይህን ለማመን ሐኪም አያስፈልገውም። ከእንዲህ ያለ ምት በኋላ ወደ ኋላ መጋለብ ስካርን የግድ አይጠይቅም።

ሦስተኛውንም ቢሆን ሃይማኖተኛ መሆኑን ብቻ ይዘን አንጥለውም። በ1950 አነቃቂ መድኃኒት በውድድሩ አይመረመርም ነበር፤ ምርመራ በቱር ደ ፍራንስ የተጀመረው በ1966 ነው። በዓመቱ፣ ጁላይ 13 ቀን 1967፣ እንግሊዛዊው ቶም ሲምፕሰን በሞን ቫንቱ አቀበት ላይ በሙቀት መካከል ተዋልሎ ወድቆ ሲሞት፣ በሰውነቱ ውስጥ አምፌታሚንና አልኮል ተገኝተዋል። ዛዓፍን እንዲህ ብሎ ለመወንጀል ግን ማስረጃ የለም፤ ጥርጣሬ ደግሞ ማስረጃ አይደለም። ቁርኣን የመጣ ወሬን ሳያረጋግጡ እንዳይቀበሉት አማኞችን ማዘዙ ለእንዲህ ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራ ነው።

በሸሪዓው ዓይን ካየነውም፣ ከሦስቱ የመጀመሪያው እውነት ቢሆን እንኳ፣ ውኃ መስሎት የጠጣ ሰው ኃጢአት እንደማይቆጠርበት፣ ራሱን በሳተበት የተደረገበትም እንደማይጠየቅበት ዑለማዎች አስረድተዋል። ስለዚህ በስካር ስሙ የሚነሳው ይህ ሰው በየትኛውም ዘገባ ቢሆን ሐራምን አስቦ እንደ ደፈረ አይነገርለትም። በፈረንሳይኛ ስለ እርሱ የተጻፉ ቀልዶች ይህን ነጥብ አይነኩትም።

አስቸጋሪው የታሪኩ ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዛዓፍ በዚያ ወሬ ተጠቅሟል። በዚያ ዘመን ጋላቢዎች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከታላላቆቹ ውድድሮች ይልቅ፣ ከቱር ደ ፍራንስ በኋላ በየከተማው አደባባይ ከሚካሄዱ አጫጭር ውድድሮች ነበር፤ አዘጋጆቹ ታዋቂ ሰው ሲመጣ ተመልካች ስለሚበዛ ለስሙ ይከፍላሉ። ከ1950 በኋላ ዛዓፍ በየቦታው ተፈላጊ ሆነ። ሕዝቡ ሊያይ የሚመጣው ከዛፍ ሥር የተቀመጠውን ሰው ነበር፤ እርሱም ራሱን ለማሳየት ይሄድ ነበር። ይህን ማድረጉ ያሳዝነናል እንጂ አያስቆጣንም። የሸብሊ ልጅ በብስክሌቱ ቤተሰብ ማስተዳደር ነበረበት፤ አውሮፓም ለጉልበቱ ሳይሆን ለመውደቁ ልትከፍለው ፈቃደኛ ሆነች።

ጉልበቱን ያሳየው ግን በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ይህኛው ታሪኩ ከጠርሙሱ ያነሰ ይታወቃል። በ1951 ዛዓፍ ዳግም ከሰሜን አፍሪቃ ቡድን ጋር ተሰለፈ። በዚያ ዓመት ውድድር ውስጥ የነበረው ታላቅ ስም ጣልያናዊው ፋውስቶ ኮፒ ሲሆን፣ ታናሽ ወንድሙ ሰርሴ በውድድር ላይ ወድቆ ጁን 29 ቀን ስለ ሞተበት ሐዘን ላይ ነበር። ጁላይ 20 ቀን ውድድሩ ከካርካሶን ወደ ሞንፔሊዬ ተጓዘ፤ ያው የወይን አገር፣ ያው ሙቀት። ዛዓፍ እንደ ልማዱ ጥቃት ከፈተ። የስዊዘርላንዱ ሁጎ ኮብሌና ሌሎች ብርቱዎች ተከተሉት፤ ፍጥነቱ ናረ፤ ኮፒ ግን ታመመና ወደ ኋላ ቀረ። በዚያን ቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ ተቀደመ፤ በጊዜ ገደቡ ከውድድሩ ከመባረር የዳነውም በጭንቅ ነው። ምዕራፉን ኮብሌ አሸነፈ፤ ፓሪስም በቢጫ ማሊያ ገባ። የዘመኑን ታላቅ ጋላቢ ያንበረከከው ቀን የተለኮሰው፣ ዓመት ሳይሞላው በዚያው አገር ሲሳቅበት በነበረው ሰው እጅ ነው።

ዛዓፍ ያን ዓመት ውድድሩን ጨረሰ፤ በቱር ደ ፍራንስ ፓሪስ ለመድረስ የበቃውም በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ከ123 ጀማሪዎች የፈጸሙት 66 ሲሆኑ፣ ዛዓፍ 66ኛ፣ ከኮብሌ አምስት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነበር። የመጨረሻውን ሰው ፈረንሳውያን በባቡር ጭራ ላይ በሚሰቀለው መብራት ቀይ ፋኖስ ብለው ይጠሩታል። ሃምሳ ሰባቱ ሰዎች መንገድ ላይ መቅረታቸውን የሚያስታውስ ሰው ግን ይህን መጨረሻነት እንደ ውርደት አይቆጥረውም።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በኖቬምበር 1954 የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ሲጀመር፣ ሰፋሪና አገሬው በአንድ ማሊያ የሚሰለፉበት ቡድን ትርጉሙ አበቃ። አልጄሪያ በ1962 ነጻ ወጣች። ሰፋሪዎቹ በብዛት ባሕሩን ተሻግረው ሄዱ፤ ፈረንሳይም የአልጄሪያን ጠጅ መግዛት ቀነሰች፤ በኋላም መንግሥት ሰፊ የወይን መሬት እያስነቀለ በእህልና በሌላ ሰብል ተካው። በምሥራቅ አፍሪቃ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ ወደ ሜልቦርን ከላከቻቸው መካከል ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ የሆኑ ብስክሌተኞች ነበሩ። በቱር ደ ፍራንስ ግን ከእኛ አካባቢ የሚጠራ ስም እስኪገኝ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት የተራራውን ማሊያ የለበሰው በ2015፣ ቢንያም ግርማይ ምዕራፍ አሸንፎ ለጥቁር አፍሪቃዊ የመጀመሪያ የሆነውን ድል ያገኘው ጁላይ 1 ቀን 2024 ነው።

ዛዓፍ ይህን አላየም። ወደ አገሩ ተመልሶ ከሕዝብ ዓይን ርቆ ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓይኑ እየደከመ ስለ ሄደ ለሕክምና ወደ ፓሪስ መሄዱ፣ እዚያም የድሮ ወዳጆች እንዳስታወሱት ይተረካል። ሴፕቴምበር 22 ቀን 1986፣ በ69 ዓመቱ፣ በአልጀርስ ከተማ ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት።